ኩርባው የጭነቱን ቁመት አያውቅም

(ድሬዳዋ ውስጥ ለመንገድ መሐንዲሶች፣ ለከባድ መኪና ሹፌሮችና ለትራፊክ ፖሊስ አባላት የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ብዙም አልተነካካም።)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ደግሞ መኪናችሁን አቁማችሁ የመጣችሁ ሹፌሮች፣ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ከምሳ በኋላ፣ ስለ መንገድ ኩርባ ለመስማት መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። በድሬ አቆጣጠር ይህ የበርጫ ሰዓት ነው። ውለታችሁን አውቃለሁ። በምላሹ አንድ ቃል እገባለሁ፤ ከአንድ ቀመር በላይ አልናገርም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ከባድ መኪና ኩርባ ላይ ለምን ይገለበጣል? ሁለተኛ፣ እኛ ነዳፊዎቹ ኩርባ ስንነድፍ ምን እናያለን፣ ምን አናይም? ሦስተኛ፣ ምን ይደረግ?

ከዚያ በፊት ግን ደንገጎ፤ ከድሬ ወደ ሐረማያና ወደ ሐረር የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት። ድሬ ቁጭ ብሎ ስለ ኩርባ እያወሩ ደንገጎን አለማንሳት ነውር ነው። ይህች ከተማ ራሷ የተወለደችው በዚያ ዳገት ምክንያት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ላይ ማውጣቱ ከበደ፣ ወጪውም ናረ። ስለዚህ ሐዲዱ በግርጌው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፣ ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። አስቡት እንግዲህ፤ ባቡር እምቢ ያለውን ዳገት ዛሬ ባለ ተሳቢ መኪና ሲሚንቶ ጭኖ ይወጣዋል። ይወርደዋልም። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ላይ ሐረማያ ስትደርሱ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋላችሁ። ይህን ሁሉ ከፍታ መኪናው የሚጨርሰው በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ እየተጠማዘዘ ነው።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። ለምን ይገለበጣል?

መኪና ኩርባ ሲገባ ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር አለ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችሁ ያለው ሰው ላያችሁ ላይ የሚደገፈው በዚህ ምክንያት ነው። (አንዳንዱ ያለ ኩርባም ይደገፋል፤ እሱን ለትራፊክ ፖሊስ ትቻለሁ።) ግፊቱ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በፍጥነቱና በኩርባው ራዲየስ። ፍጥነቱ ግን ተንኮለኛ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ40 ወደ 60 ስትሄዱ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው። ግፊቱ ግን ከሁለት እጥፍ አልፏል። እግር ትንሽ ጫን አደረገ፣ ኩርባው ብዙ አስከፈለ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ኩርባ ላይ ከልኩ ያለፈ የቤት መኪና ምን ይሆናል? (ከአዳራሹ፦ «ይንሸራተታል!») ልክ። ከልኩ ያለፈ ቦቴስ? («ይገለበጣል!») አያችሁ፣ ሁለቱንም የመለሱት ሹፌሮቹ ናቸው። መሐንዲሶቹ ገና እያሰላችሁ ነው።

ልዩነቱ ቁመት ነው። የመኪናው ጣሪያ ቁመት አይደለም፣ የክብደቱ ማዕከል ቁመት ነው። ሒሳቡ ደግሞ ቀላል ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት ለሁለት ክፈሉ። እሱን ለክብደቱ ማዕከል ቁመት አካፍሉ። የቤት መኪና ስፋቱ 1.5 ሜትር ቢሆን ግማሹ 75 ሳንቲም ነው። ክብደቱ ከመሬት 60 ሳንቲም እንኳ አይርቅም። ውጤቱ ከ1 ይበልጣል። ማለትም ይህን መኪና ለመገልበጥ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ የጎን ግፊት ያስፈልጋል። የደረቅ አስፋልት መያዣ አቅም ደግሞ 0.7 ገደማ ነው። ስለዚህ መገልበጡ ሳይደርስ ጎማው ይለቃል። ይንሸራተታል።

ወደ ተጫነው ከባድ መኪና እንምጣ። የስፋቱ ግማሽ 1 ሜትር ነው እንበል። የጭነቱ ክብደት ማዕከል 2 ሜትር ላይ ነው እንበል። ውጤቱ 0.5 ነው። ያውም በወረቀት ላይ! መንገድ ላይ ባሌስትራው፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው ስፕሪንግ፣ ይተኛል፣ ጎማው ይጨፈለቃል፣ ጭነቱ ወደ ውጭ ያጋድላል። እውነተኛው ቁጥር ወደ 0.4፣ አንዳንዴም ወደ 0.35 ይወርዳል። አስፋልቱ 0.7 ይይዛል፣ መኪናው በ0.4 ይገለበጣል። ገባችሁ አይደል? ጎማው ለመንሸራተት ገና ሳያስብ መኪናው ተገልብጧል። የቤት መኪና ጎማው ይጮሃል፣ ቂጡ ይከነፋል፣ ሹፌሩን ያስደነግጠዋል። ከባድ መኪና ይህን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ተማሪ እያለሁ የአባቴ ወዳጅ የሆኑ የቦቴ ሹፌር ጋቢና አስገብተውኝ ወደ አዲስ አበባ እንሄድ ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው። ተሳቢ አላቸው፣ ሙሉ ጭነዋል። ቁልቢን አልፈን ወደ ጭሮ በሚወስደው ጠመዝማዛ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ኩርባ በገባን ቁጥር ዓይናቸው ወደ ጎን መስታወቱ ይሄዳል። ፈራሁ። «ጋሼ፣ መንገዱን አያዩም እንዴ?» አልኳቸው። «መንገዱንማ አውቀዋለሁ አቦ። የተሳቢውን ጎማ ነው የማየው» አሉኝ። ከዚያ በጣታቸው አሳዩኝ። የተጫነ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ሆዱ ወጣ ይላል። ኩርባ ስንገባ በውስጥ በኩል ያለው ጎማ ሆዱ ይገባል፣ ቀጥ ይላል። «ሆዱ ገባ ማለት ጎማው ቀለለ ማለት ነው። ሲቀል አንሳ» አሉኝ፤ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አንስተው እያሳዩኝ።

እኔ ያን ጊዜ ስለ ክብደት መዛወር ክፍል ውስጥ ተምሬ ነበር። ፈተናም አልፌበታለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን እዚያ መስታወት ውስጥ ነው።

ለምን ተሳቢውን? ምክንያቱም ተሳቢ የፊተኛውን እንቅስቃሴ አጉልቶ ነው የሚደግመው። ሹፌሩ መሪውን ድንገት ቢሰብር የፊተኛው ትንሽ ያጋድላል፣ ተሳቢው ብዙ ያጋድላል። ጋቢና ውስጥ ደግሞ ምንም አይሰማም። ወንበሩ ጸጥ ብሏል፣ ካሴቱ ይዘፍናል፣ ከኋላ አንድ ጎን ጎማ ከመሬት ተነስቶ ሊሆን ይችላል።

ጋሼ ሌላም ነገር ነገሩኝ። «ሙሉ ቦቴ ይሻላል፣ ባዶም ይሻላል። ግማሽ ቦቴ ግን አመሉ ክፉ ነው።» እውነታቸውን ነው። ጋኑ ውስጥ ክፍት ቦታ ሲኖር ነዳጁ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይሮጣል። ክብደቱም አብሮ ይሄዳል። ብዙ ጋኖች ውስጥ ፈሳሹን የሚያግዱ ግድግዳዎች አሉ። እነዚያ ግን በአብዛኛው የፊትና የኋላውን ነውጥ ነው የሚያበርዱት። የጎኑን ብዙም አይነኩትም።

ቦቴ ብቻ ደግሞ አይደለም። ማዳበሪያው እየተደራረበ ሰማይ የነካ የድንች ጭነት አለ። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ለቁልቢ ገብርኤል ጣሪያው ላይ ሻንጣ ከምሮ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ከአወዳይ ጫት ይዞ የሚከንፍ አይሱዙ አለ፤ ጫት ደግሞ ሰዓት አይጠብቅም። የአይሱዙ ሹፌሮች እዚህ ካላችሁ አልቆጣችሁም። ቁመቱን ግን አስቡት።

ሁለተኛው ነጥብ። እኛስ ስንነድፍ ምን እናያለን?

ቃል የገባሁት ቀመር ይኸውላችሁ። ፍጥነትን በራሱ አባዙ። የኩርባውን ራዲየስ በ127 አባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ውጤቱን የሚሸከሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የመንገዱ የጎን ዝንባሌ፣ ማለትም ሱፐር ኤሌቬሽን የምንለው፣ እና የጎማው የጎን ሰበቃ። በቃ። ዓለም ላይ ያለ መንገድ ነዳፊ ሁሉ በዚህ ቀመር ነው የሚያድረው።

አሁን ፈልጉልኝ። ቁመቱ የት አለ? ጭነቱ የት አለ? ተሳቢውስ? የለም። ቀመሩ መኪናውን የሚያየው እንደ አንድ ነጥብ ነው። ነጥብ ደግሞ አይገለበጥም!

ሌላም ጉድ አለ። ለንድፍ የምንወስደው የሰበቃ ቁጥር ጎማው የሚይዝበት የመጨረሻ አቅም አይደለም። ተሳፋሪው ሳይመቸው የሚጀምርበት መጠን ነው። መነሻው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በቤት መኪና የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። ለቤት መኪና ይህ ሰፊ መጠባበቂያ ነው። ከምቾት እስከ መንሸራተት ብዙ መንገድ አለ። ለከባድ መኪና ግን ያ መጠባበቂያ ቀጭን ነው።

በቁጥር እንየው። ራዲየሱ 60 ሜትር የሆነ የተራራ ኩርባ አለን። ዝንባሌው 8 በመቶ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ሲገባ ለጎማው የሚቀረው የጎን ግፊት 0.13 ነው። ጥሩ ነው፣ ንድፉ አለፈ፣ ማኅተም ይመታ። በ50 ሲገባ 0.25 ይሆናል። በ60 ሲገባ 0.39 ይሆናል። በ0.39 የቤት መኪና ውስጥ ያለ ሰው መያዣውን ይጨብጣል፣ ሹፌሩን ይሰድባል፣ ያልፋል። በ0.39 ቦቴው አልቆለታል፤ ወይም ሊያልቅለት ትንሽ ቀርቶታል።

ሁለቱም ሹፌሮች ያጠፉት 20 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ስድብ ከፈለ፣ አንዱ ሕይወቱን ከፈለ። ይህን ልዩነት ሹፌሩ አልፈጠረውም። መኪናውና መንገዱ ናቸው የፈጠሩት፤ መንገዱን የነደፍነው ደግሞ እኛ ነን።

ዜናውን ግን ስሙት። «አሽከርካሪው ፍጥነቱን መቆጣጠር ባለመቻሉ…» ሁሌም ይኸው ነው። እኔ እዚህ ያላችሁትን የፖሊስ አባላት አልወቅስም፤ ቅጹ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ያን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ግን አንድ ኩርባ ላይ አንድ መኪና ሲገለበጥ የሹፌር ጥፋት በሉት። ሁለተኛው ሲደገም ተጠራጠሩ። ሦስተኛው እዚያው ቦታ ሲተኛ ማንን ነው የምትጠይቁት? ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰነፍ ሹፌር ሁሉ ተጠራርቶ እዚያ ኩርባ ላይ ነው የሚሰበሰበው?

ቁልቁለት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጎማ ያለው አቅም አንድ ነው። ፍሬን ሲያዝ ከዚያው ይወስዳል፣ ሲታጠፍ ከዚያው ይወስዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ይተዋል። በዚያ ሁኔታ ኩርባው ጋ የደረሰ ሹፌር 60ን መርጦ አልነዳም። 60 ራሱ መጥቶበት ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚባለውን እዚህ ያለ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በፎሌ፣ ማርሽ ሳታስገቡ፣ የምትወርዱ ካላችሁ ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህ ንግግር አይረዳችሁም። ለእናንተ ካህን ወይም ሼኽ ነው መጥራት የነበረብን።

አንድ ፕሮጀክት ላይ የገጠመኝን ላውራ። ስም አልጠራም፤ ቦታውንም አልናገርም። ረጅም ቀጥ ያለ ቁልቁለት አለ፣ መጨረሻው ላይ ጠባብ ኩርባ። ኩርባውን ለማስፋት አለት መፍረስ ነበረበት። ይፍረስ አልኩ። «ራዲየሱ ከዝቅተኛው መጠን በላይ ነው፣ መመሪያውን አሟልቷል» ተባልኩ። ማሟላቱን እኔም አልካድኩም። የ40 ታርጋ ተተከለና ተዘጋ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ተመልሼ ሄጄ አስፋልቱን አየሁት። በውጭ በኩል ባለው መስመር ላይ ጥቁር የጎማ ዱካ አለ፤ ታጥፎ ሄዶ ጠርዙ ላይ ያልቃል። በውስጥ በኩል ዱካ የለም። እንዲህ ያለውን ዱካ እወቁት። በፍሬን የተንሸራተተ መኪና በአብዛኛው በሁለቱም ጎን ይጽፋል። ሊገለበጥ ያለ መኪና በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ሌላው ጎኑ አየር ላይ ነዋ። የፖሊስ አባላት፣ ፎቶ ስታነሱ እባካችሁ ይህን አንሱልን። የተገለበጠውን መኪና ማንም ያነሳዋል።

ሦስተኛ። ምን ይደረግ?

ሁልጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አለ። ዝንባሌውን ለምን አትጨምሩትም? 12፣ 15 በመቶ ለምን አይሆንም? አይሆንም። በዚያው ኩርባ ላይ ሽቅብ የሚወጣ ባለ ተሳቢ አለ፤ በ10 ኪሎ ሜትር ነው የሚሳበው። በዚያ ፍጥነት ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከምንም አይቆጠርም። ዝንባሌው ታዲያ ወደ ውስጥ ይደፋዋል። ጭነቱ ይንሸራተታል፣ ዝናብ ካለ ጎማውም ወደ ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ዝንባሌ መድኃኒት ቢሆንም መጠን አለው።

ዋናው ሥራ ሹፌሩን አለማስደንገጥ ነው። ኩርባዎች እየጠበቡ የሚሄዱ ከሆነ ቀስ በቀስ ይጥበቡ። በረጅም ቀጥታ መጨረሻ ላይ ጠባብ ኩርባ አትደብቁ። አንድ ኩርባ ውስጥ ደግሞ መግቢያው ሰፊ፣ መሐሉ ጠባብ አይሁን፤ ሹፌሩ መግቢያውን አይቶ ፍጥነቱን ወስኗል። መሐል ላይ ሲጠብበት መሪውን ይሰብራል፣ ፍሬን ይረግጣል። ጋሼ የነገሩኝን ተሳቢ አስታውሱ።

መሸጋገሪያም ይኑር። ከቀጥታ ወደ ኩርባ በአንድ ጊዜ አይገባም። ራዲየሱ እየጠበበ፣ ዝንባሌውም አብሮ እየጨመረ ይሄዳል። የግራና የቀኝ ኩርባ ሲከታተሉ በመካከላቸው ዝንባሌውን ለማዞር የሚበቃ ቦታ ይተው። ያለዚያ ወደ ግራ ያጋደለው ጭነት ሳይመለስ ወደ ቀኝ ይወረወራል። ባሌስትራው ተጨቁኖ ሲለቀቅ የሚሰጠው ግፊት ተጨማሪ ነው፤ በዚያ ላይ የተገለበጠ ብዙ ነው።

ጭራሹን ዞሮ የሚመለሰው ኩርባ ላይ ቁልቁለቱን አለዝቡት። የውስጡ መስመር ከመሐሉ አጭር ነው፤ ከፍታው ግን ያው ነው። ስለዚህ በውስጥ በኩል የሚሄደው መኪና ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው የባሰ ዳገት ነው የሚገጥመው። እንደዚሁም አስፉት። ረጅም ተጎታች ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ራዲየሱ 30 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ 11 ሜትር ገደማ የጎማ ርቀት ያለው ተጎታች ከ2 ሜትር በላይ ይቆርጣል። ያ ቦታ ካልተሰጠው ወይ የተቃራኒውን መስመር ይወስዳል፣ ወይ ጠርዙን ይበላዋል። የተበላው ጠርዝ አፈርና ጠጠር ይተፋል፤ ጠጠሩ ለሚቀጥለው ባጃጅ ይቀመጣል። በውጭ በኩል ደግሞ ከፍ ያለ የድንጋይ ጠርዝ አታድርጉ። ለመገልበጥ ጥቂት የቀረው መኪና ጎማው እሱን ከነካ እግሩን እንደተጠለፈ ሰው ነው።

ስለ መከላከያው ብረት ሳልናገር አልወርድም። በየተራራው የምናየው ወገቡ የታጠፈ ብረት በተለመደው ደረጃ የሚፈተነው 2 ቶን በሚመዝን ፒክአፕ ነው። 40 ቶን መኪና እንዲያቆም አልተጠየቀም፣ አያቆምምም። ለከባድ ተጎታች የሚፈተነው በ36 ቶን መኪና ነው፤ ያን ፈተና የሚያልፈው የኮንክሪት ግንብ ቁመቱ 1 ሜትር ከ7 ሳንቲም ገደማ ነው። ቁመት፣ አሁንም ቁመት! ግንቡ አጭር ከሆነ መኪናው ተደግፎት ይሻገረዋል። ውድ ነው ትሉኛላችሁ። በየቦታው ይተከል አላልኩም። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ያለው ኩርባ ላይ ይተከል ነው ያልኩት። ከዚያ ኩርባ በፊት ደግሞ ፍሬን የከዳው ሹፌር የሚገባበት ጥልቅ የጠጠር ማቆሚያ ይሠራ። ዳገት ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ የበለጠ ጥሩ።

ለወጣት መሐንዲሶች አንድ የቤት ሥራ አለኝ። መመሪያው የሚጠይቀውን ጨርሳችሁ ስታበቁ አንድ ዓምድ ጨምሩ። በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ 0.35ን ያዙ፣ የመኪናው መገልበጫ እሱ ነው በሉ። በየትኛው ፍጥነት ይደረስበታል? ያ ፍጥነት ከንድፉ በ15 ወይም በ20 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚበልጥ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ኩርባው ከቁልቁለት በታች ከሆነ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አውጡ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ታርጋውንም ለዩት። ለቤት መኪናና ለቦቴ አንድ 40 መጻፍ ለሁለቱም ውሸት ነው። የቤት መኪናው ሹፌር በ60 አልፎ ምንም አልሆነም፣ ስለዚህ ታርጋውን ማመን ተወ። ነገ ከባድ መኪና ሲይዝ ያንኑ አለማመን ይዞ ነው የሚመጣው። ለከባድ መኪና የተለየ ቁጥር፣ የሚገለበጥ መኪና ሥዕል ያለበት፣ ኩርባው ሳይደርስ በቂ ርቀት ላይ ይተከል።

እኔ ጨረስኩ። በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። ሹፌሮች፣ ከዚህ እስከ ሐረር፣ ከዚህ እስከ ጭሮ፣ ከዚህ እስከ ደወሌ የማታምኑት ኩርባ ካለ ጻፉት። የቅርቡን መንደር ስምና የምትወርዱበትን አቅጣጫ ጨምሩ። መጻፍ የማይመቸው ጠረጴዛው ጋ ላሉት ልጆች ይንገር፣ ይጽፉለታል። አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። ማይኩን መጀመሪያ ከኋላ ለተቀመጡት ስጡልኝ፤ እጃቸውን ካነሱ ቆይተዋል። ኮፍያ ያደረጉት አባት፣ እርስዎ ይጀምሩ።